ወጌሻ የማይነካው አጥንት

በአማራ ክልል በአዊ ዞን የወጌሻን ታሪክ ከፈረስ ነጥሎ መጻፍ አይቻልም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር ሜዳውን የሚሞላው በሺዎች የሚቆጠር ፈረሰኛ ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ መነሻው የዓድዋ ዘማቾችንና ተሸክመዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ማሰብ ነበር። ዛሬ ከመታሰቢያነት አልፎ የእድርና የሽምግልና ሥራ ይሠራል፤ የሞተ ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ስለ በዓሉ የሚዘግቡ ሰዎች ስለ ጉግሱ፣ ስለ ሽምጥ ግልቢያው፣ ስለ ኮርቻውና ስለ ግላሱ ያወራሉ። ስለሚወድቀው ሰው የሚያወራ ግን የለም። ከሚጋልብ ፈረስ ላይ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ መሬት የሚያገኘው እጁን ዘርግቶ ነው፤ ስለዚህ የእጁ አንጓ ይሰበራል፣ ክርኑ ይወጣል፣ ትከሻው ይወልቃል። ፈረስ የዕለት ኑሮ በሆነበት አገር ይህ ጉዳት ብርቅ አይደለም። ብርቅ ስላልሆነም የሚያቃናው ሰው ከሕዝቡ መሐል ወጥቷል፤ ደጋግሞ የሚያየውን ነገር እጁ ለምዶታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሣል፦ የወጌሻ ጥበብ ያደገው ስህተቱ ወዲያው በሚታይበት የሰውነት ክፍል ላይ ነው፤ አደገኛ የሆነውም ስህተቱ ወደማይታይበት ክፍል፣ ይልቁንም ወደ አከርካሪ፣ ሲሻገር ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ለዚህ አካባቢ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ ማከም ሲጀምሩ፣ ከአገው ምድር እዚያ ለመድረስ የሳምንታት ጉዞ ይጠይቅ ነበር። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። እንግሊዛዊው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ በዚሁ አካባቢ በምትገኘው ዳንግላ ተቀምጧል፤ ጣናን የዞረውና የዓባይን ሸለቆ የተከተለው ግን ጓዙን በበቅሎ ጭኖ ነበር። ቆንስል በበቅሎ የሚሄድበት አገር እግሩ የተሰበረን ገበሬ በምን ወደ ሐኪም ያደርሰዋል? በጣሊያን ወረራ ዘመንም ጎጃም ውስጥ የቆሰለ አርበኛ ጥይቱን የሚያወጣለት፣ አጥንቱን የሚያስርለት ወጌሻ ነበር። ወጌሻ በዚያ ዘመን አጥንት ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ጥርስ ይነቅላል፣ እንጥል ይቆርጣል፣ ዋግምት ያደርጋል። ቁም ነገሩ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ እየተላለፈ መምጣቱና መማሪያው በሽተኛው ራሱ መሆኑ ነው።

ትከሻ ሲወልቅ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ክብ የነበረው ትከሻ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሰውየው የተጎዳውን ክንዱን በደህናው እጁ ደግፎ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ይቀመጣል። አዋቂው ወጌሻ ሰውየውን በጀርባው ያስተኛውና ተረከዙን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ክንዱን ሳይቸኩል፣ ሳያንገጫግጭ ይስባል። ጡንቻው እስኪደክም ይጠብቃል። በመጨረሻ አጥንቱ ቤቱ ይገባል፤ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጋብ ይላል፣ ሰውየውም እጁን ወደ አፉ ማድረስ ይችላል። ይህንኑ በተረከዝ የመሳብ ዘዴ ግሪካዊው ሂፖክራተስ ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል፤ የዛሬ ሐኪሞችም በስሙ ይጠሩታል። ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች እዚህ ላይ የተገናኙት ትከሻው ራሱ ስላስተማራቸው ነው። ገባ ወይስ አልገባም ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ ይገኛል። ባለሙያው ከተሳሳተ በሽተኛው ይጮኻል፣ ትከሻው ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል፣ መንደሩም ያየዋል። እንዲህ ያለ ዳኛ ያለበት ሙያ ያለ መጽሐፍም ይሻሻላል። ራጅ ሳይነሣ የሚደረግ ስለሆነ እዚህም አደጋ መኖሩ አይካድም፤ ከመውለቁ ጋር አጥንቱም ተሰብሮ እንደሆነ ስቦ ማስገባቱ ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ። ቢሆንም ለወጌሻ ምስጋና የሚገባው ቦታ ካለ ይህ ነው።

ከትከሻው ወደ ስብራቱ ስናልፍ ዳኛው መዘግየት ይጀምራል። የእንጅባራ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው፤ አጥርም፣ ወንበርም፣ ቅርጫትም ከእሱ ይሠራል። ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ወጌሻ ስብራት የሚያስርበትም እሱ ነው። ወጌሻው ስብራቱን ያሽና በቅቤ ያለሰልሳል፣ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፣ የቀርከሃውን ፍልጥ ዙሪያውን ደርድሮ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ስብራት የሚድነው ሳይነቃነቅ ሲቆይ ነው። ስህተቱ ጥብቅ ማለቱ ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያብጣል። ዙሪያውን በቀርከሃ የታጠረ እብጠት ወደ ውጭ መሄጃ ስለሌለው ወደ ውስጥ ይጫናል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ስድስት ሰዓት ገደማ ደም ያጣ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ መጀመሪያ ይነዝራሉ፣ ቀጥሎ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ በመጨረሻ ይጠቁራሉ። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. በጥብቅ እስራት ምክንያት የሚኮማተረውን እጅ ሲገልጽ የራሱን ዘመን ሐኪሞች ፋሻ ይወቅስ ነበር። ነገሩ የፈረንጅና የአበሻ ጉዳይ አይደለም፤ ጀሶም አለልክ ከጠበቀ ያው ነው። ልዩነቱ ሆስፒታል የተኛን ሰው ጣት ማታም ጠዋትም የሚያይ ሰው መኖሩ ላይ ነው። ወጌሻው ግን አስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረው አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ ነው ይባላል። ከሳምንት በኋላ የሚፈታው እስራት ከሥሩ ጋንግሪን ይዞ ይገኛል።

ይህ አስተሳሰር በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለእጅና ለእግር መቆረጥ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ከጽሑፎቹ ሁሉ ትልቅ ትኩረት የሚገባው በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሚታተም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የቀዶ ሐኪሙ የመኮንን እሸቴ ጥናት ይመስለኛል። ሙከራው ቀላል ነበር፦ ወጌሻዎችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ሥልጠና መስጠት፤ ከዚያም ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የተቆረጡትን ማወዳደር። ቁጥሩ ከሥልጠናው በኋላ ቀነሰ። ወጌሻዎቹ ሙያቸውን አልተነጠቁም፣ ነጭ ጋዋንም አልለበሱም። የተጨመረላቸው ዕውቀት ትንሽ ነው፤ እስራት እንዴት እንደሚላላ፣ ጣት እንዴት እንደሚታይ፣ የትኛውን በሽተኛ ሳይነኩ መላክ እንደሚገባ። የእጃቸው ችሎታ በቂ ነበር፤ የጎደላቸው መቼ እጃቸውን መሰብሰብ እንዳለባቸው ማወቅ ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። እንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወጌሻ የተሞላ ነበር፤ የሐኪሞች ማኅበር ይንቃቸዋል፣ ሕዝቡ ግን ይወዳቸዋል። በ1867 እ.ኤ.አ. ታዋቂው የቀዶ ሐኪም ጄምስ ፓጄት ለተማሪዎቹ ወጌሻዎች ስለሚያድኗቸው በሽተኞች ንግግር ሲያደርግ፣ ከእነሱ ደጉን ተማሩ፣ ክፉውን ተዉ ሲል መከረ። ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ግን የቶማስ ቤተሰብ ነው። ኢቫን ቶማስ ሊቨርፑል ውስጥ የሚሠራ ዝነኛ ወጌሻ ነበር፤ ሐኪሞች ደጋግመው ፍርድ ቤት አቁመውታል። መከራውን ሲያይ ልጆቹን ሁሉ ሕክምና አስተማራቸው። ከእነሱ አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ ከአባቱ የወረሰውን እጅ ከትምህርቱ ጋር አዋሕዶ፣ በስሙ የሚጠራውን የእግር ማሰሪያ ፈለሰፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እሱ ያሠለጠነው ሮበርት ጆንስ ያንን ማሰሪያ ጦር ሜዳ ላይ በስፋት ሲያስገባ፣ ጭናቸው በጥይት ከተሰበረ ወታደሮች መካከል ይሞት የነበረው ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረደ። ለክርክራችን የበለጠ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ የወጌሻ ልጅ በቲቢ የተያዘ መገጣጠሚያ ሊታሽና ሊጠመዘዝ አይገባም፣ ረጅምና ያልተቋረጠ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። አባቱ የነካውን ሁሉ ልጁ አልነካም፤ የዘመናዊ የአጥንት ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ሙያው ሌላ መንገድ ያዘ። አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1874 እ.ኤ.አ. ኦስቲዮፓቲን ሲያውጅ፣ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የበሽታን ሁሉ ሥር በአጥንትና በአከርካሪ መዛባት ፈለገ። በ1895 ዴቪድ ዳንኤል ፓልመር የካይሮፕራክቲክን መሠረት ሲጥል ከዚያ አልፎ ሄደ፤ ከበሽታ ሁሉ 95 በመቶው ከቦታው ከተነቃነቀ የአከርካሪ አጥንት ይመጣል አለ። እንዲህ ካልን የማይነካ በሽተኛ የለም ማለት ነው። ትኩሳት ያለውም፣ የከሳውም፣ እግሩ የከዳውም አልጋ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ይሰጣል። እነዚህ ሙያዎች ዛሬ የተከበሩ የሆኑት መሥራቾቻቸው ባሉት ጸንተው አይደለም። የአሜሪካ ኦስቲዮፓቶች ሙሉ ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆነዋል፤ እንግሊዝ አገር በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ኦስቲዮፓቶች ተመዝግበው የሚጠየቁ ባለሙያዎች ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ መሠረት የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው ኦስቲዮፓት ለመሆን 4200 ሰዓት መማር አለበት። ጀርባን ማሸትና መጫን ለመልመድ ይህን ያህል ሰዓት አያስፈልግም። አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው የሰውነትን አሠራርና በሽታን በመማር፣ ማለትም የማይነካውን ከሚነካው ለይቶ በማወቅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጀርባው እንምጣ። ከአንገት እስከ ወገብ የሚንቀሳቀሱ 24 አጥንቶች አሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ይሸከማል። የተሰበረ ክንድ አለቦታው ቢገጥም ክንዱ ይጣመማል፤ የተሰበረ አከርካሪ ቢነቀነቅ ሰውየው ሽባ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የጉዳቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ወጌሻው ትከሻ ላይ የነበረውን ዳኛ እዚህ አያገኘውም። ጀርባ ሲጫን ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በሽተኛውም ወጌሻውም ዲስኩ ገባ ይላሉ። ድምፁ ግን መገጣጠሚያው ሲለጠጥ በውስጡ ካለው ፈሳሽ የጋዝ አረፋ ሲፈጠር የሚሰማ ነው፤ ጣት ስናንቋቋ የምንሰማውም ይኸው ነው። በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ተንሸራትቶ አይወጣም፤ የሚሆነው ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውስጡ ማበጡ ወይም መፍሰሱ ነው፤ ያንን በእጅ ተጭኖ መመለስ አይቻልም። ታዲያ ሰዎች ከታሹ በኋላ ለምን ይሻላቸዋል? አብዛኛው ድንገት የተነሣ የወገብ ሕመም ማንም ሳይነካው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚቀንስ፣ መታሸቱም የተጨበጠ ጡንቻን ስለሚያላላ ነው። ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ሕመሙ ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁለት ነው፣ ምስጋናውን ግን የመጨረሻው ሰው ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት ወጌሻው ጀርባ ላይ ለ40 ዓመት ሠርቶም ከስህተቱ ሳይማር ሊቀር ይችላል።

ስህተቱ በእኛ አገር ከፈረንጅ አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ ሳንባን ብቻ አያጠቃም። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአከርካሪ ቲቢ የአጥንቱን ፊት ቀስ እያለ ይበላል፤ ሰውየው ለወራት ወገቤን፣ ጀርባዬን ይላል፣ ማታ ያልበዋል፣ ይከሳል፣ ምግብ ያስጠላዋል፤ በመጨረሻ አጥንቱ ተደርምሶ ጀርባው ይጎብጣል። ከጥሬ ወተትና ከከብት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም አከርካሪ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ከብት አርቢ በሆነ አገር ይህን መርሳት አይገባም። እንዲህ የተበላ አጥንት ላይ በጉልበት መጫን ሕመምተኛውን በአንድ ቀን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ያሳዝናል የሚያሰኘው የአከርካሪ ቲቢ በመድኃኒት የሚድን መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ እስከ 12 ወር ይወሰዳል፣ በመንግሥት ጤና ተቋማትም በነፃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ለዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ጀርባቸው የጎበጠ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ይልኩ ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች የአንዳንዶቹ መነሻ ቲቢ ነው። በጊዜው ተመርምሮ ቢሆን ኪኒን ይበቃ የነበረ በሽታ ድንበር ተሻግሮ ብረት ሊገባለት ግድ ሆነ።

አንገት ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ቧንቧዎች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገት በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የቧንቧው ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ የዚህ ሕክምና ደጋፊዎችም አንዳንዱ በሽተኛ ቧንቧው ቀድሞ ተሰንጥቆ አንገቱን ስላመመው ነው የሄደው ይላሉ፣ ልክም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሳይጠመዘዝ ሊሻለው ለሚችል ሕመም በዕድሜ ልክ ሽባነት መወራረድ ምን ይሉታል? የኔ ፍርድ ጠንከር ያለ ነው፤ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ከፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ሳይቀር፣ አንገት ቀጭ ማድረግ መቅረት አለበት።

ይህ ማለት ጀርባ በእጅ መታከም የለበትም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይችላሉ ካላቸው መንገዶች መካከል ማሸትና አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስ ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ሕክምና ከሌሎች ጋር አስገብቶታል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ጥቅም መጠነኛ ነው፤ ከስፖርትና ከሌሎች የተለመዱ ሕክምናዎች ጋር ይቀራረባል እንጂ ተአምር የለበትም። የሚስማማው ለማን ነው? ሲያርስ ወይም ጆንያ ሲያነሣ ወገቡን ለያዘው፣ ትኩሳትም ክሳትም ለሌለበት፣ እግሩ ላልደነዘዘና ላልደከመ ጎልማሳ። ለእሱ ለስላሳ መታሸትና ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ ይጠቅመዋል፤ አልጋ ይዞ መተኛት ግን አይጠቅመውም። ከፈረስ፣ ከባጃጅ፣ ከጣሪያ ወድቆ ጀርባው ወይም አንገቱ ያመመው ሰው ግን ራጅ ሳይነሣ ማንም እጁን ሊያሳርፍበት አይገባም። ካንሰር የነበረበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አጥንታቸው የሳሳ አሮጊትና ሽማግሌ፣ ሌሊት ሕመሙ የሚነሣበት ሰው እንዲሁ። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም አልመጣ ያለው፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው የሰውነቱ ክፍል የደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቹ የከዱት ሰው ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ነርቮቹ እየታነቁ ስለሆነ አስቸኳይ የቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ወጌሻ ስንቱን አድኗል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከላይ ስለ ትከሻው የተባለውም ለዚህ ነው። ሰው ግን የሚቆጥረው የዳኑትን ነው፤ የተጎዱት ወደ ወጌሻው ተመልሰው ስለማይሄዱ ወጌሻው ራሱ አያውቃቸውም። ሁለተኛው ሐኪም ቤትም ያበላሻል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ሆኖም በሐኪም ቤት ካርድ አለ፣ ራጅ አለ፣ ፈቃድ የሚነጥቅ አካል አለ፤ ስህተቱ ተመዝግቦ ይቀራል። ሦስተኛውና ጠንካራው የገንዘብና የመንገድ ጉዳይ ነው። ከጃዊ ቆላ ወይም ከአንከሻ ገጠር ተነሥቶ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሲብስ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ ለገበሬ በሬ ሊያሸጥ ይችላል፤ በክልሉ ባለፉት ዓመታት የተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም አይደርስም። ወጌሻው ጎረቤት ነው፣ ሲኖርህ ትከፍለኛለህ ይላል፣ እግርህን እቆርጠዋለሁ ብሎም አያስፈራራም። ይህን ተቃውሞ በስብከት መመለስ አይቻልም። መልሱ ወጌሻን ማባረር ሳይሆን ወጌሻውን የመጀመሪያው ለይቶ ላኪ ማድረግ ነው። በሬ የሚያሸጠው ጉዞ ለሁሉም አያስፈልግም፤ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው መንደር ውስጥ ካለ ግን ብዙው ሰው ከወጪም ከጉዳትም ይድናል። ባህልን መናቅ ነው ለሚልም የቶማስን ቤት ታሪክ አስታውሰዋለሁ፤ ሙያውን ያስከበረው ልጁ የተማረው መተው ነው።

የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ በሩን አልዘጋም። በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ባህላዊ ሕክምናን ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ፈቅዶ ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. አልማ አታ ላይ ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ በኋላ ደርግ ባህላዊ ሕክምናን የሚያስተባብር ቢሮ አቋቋመ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና ፖሊሲም ለጠቃሚው ባህላዊ ሕክምና ትኩረት እንዲሰጥ አዘዘ። እነዚህ ሁሉ ስለ ባህላዊ ሕክምና በጥቅሉ ሲናገሩ፣ ጉዳት የሚለውን ቃል በተግባር የሚተረጉም ሰው አላገኙም። ወጌሻ በይፋ ቦታ ያገኘው በሌላ መንደር ነው፤ የእግር ኳስ ክለቦቻችን ከአሠልጣኙ ጎን ወጌሻ አላቸው፣ ያውም ደመወዝ ተቆርጦለት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል፤ በእነሱና በመንደሩ ወጌሻ መካከል ግን ድልድይ የለም።

አዊ ድልድዩን ለመሥራት ከብዙ አካባቢ የተሻለ ዕድል አለው፤ ምክንያቱም የተደራጀ ፈረሰኛ አለው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየቀበሌው አባል፣ በየቀበሌው አለቃ ያለው ድርጅት ነው፤ የትኛው ወጌሻ የት እንደሚኖር ከጤና ጽሕፈት ቤት ይልቅ እሱ ያውቃል። ስለዚህ ለማኅበሩም ለዞኑ ጤና መምሪያም ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከሚቀጥለው ጥር 23 በፊት ወጌሻዎችን ለአንድ ቀን ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ሆስፒታሎች ጠርታችሁ የሚታሰረውን እጅ፣ የሚፈታውን እስራት፣ የማይነካውን ጀርባና አንገት አሳዩአቸው። ለአንባቢዬም፦ ልጅዎ ስብራቱ ከታሰረለት በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም መልካቸው ከተለወጠ እስኪነጋ አይጠብቁ። እስራቱን ያኔውኑ ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።